ያልነበረ መሣሪያ ልኩ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1977 «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም አሜሪካ ውስጥ መታየት ጀመረ። በወሩ፣ ጁን 27፣ ጂቡቲ ነጻነቷን አወጀች። በዚያው ሰሞን የኦጋዴን ጦርነት ተነሣና ከጂቡቲ አዲስ አበባ የሚወስደው የባቡር መስመር ተቆረጠ። በእኛ በኩል እውነተኛው ጠመንጃ በሚያንባርቅበት በዚያ ክረምት፣ ባሕር ማዶ ያለው ወጣት በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ ጨርሶ ኖሮ የማያውቅ ሽጉጥ ለማየት ይጋፋ ነበር። አየው፣ ወደደውም። ዛሬም ድረስ ያንን ሽጉጥ፣ ብላስተር የሚሉትን፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ ብሎን በብሎን የሚሠራ ሰው በብዙ አገር አለ። የፊልሙን ልብስ ይለብስና ይታጠቀዋል፣ መሰሎቹ ወደሚሰበሰቡበት የኮስፕሌይ ትርኢት ይሄዳል።

እነዚህ ሰዎች ለአንድ ሥራ የሚሰጡት ትልቁ ምስጋና «ልክ ነው» የሚል ነው። ቆንጆ ነው ቢሉት ባለሙያው ቅር ሊለው ይችላል። እኔን የያዘኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ ከምን ጋር ልክ? የአባቱን ወንበር አስመስሎ የሚሠራ አናጢ ወንበሩ ራሱ ቆሞ ይመሰክርለታል፣ አለዚያም ይመሰክርበታል። ብላስተር ግን የለም። ብርሃን እየተፋ ሰው የሚጥል ሽጉጥ እስካሁን ማንም ታጥቆ አልዞረም። ያልነበረ ነገር ቅጂ እንዴት ልክ ወይም ስሕተት ሊባል ይችላል?

«ፊልሙ ላይ ያለውን ዕቃ ነዋ!» ይባል ይሆናል። እንግዲያው ዕቃውን ጠጋ ብለን እንየው። ሃን ሶሎ የተባለው ገጸ ባሕርይ የታጠቀው ሽጉጥ ካዝናው ከቃታው ፊት ነው፤ እጀታው የመጥረጊያ እንጨት የሚመስል፣ ጎኑ ላይ ቦይ ቦይ የወጣለት እንጨት ነው። የጦር መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፤ ማውዘር ሲ 96 ነው፣ ጀርመን ውስጥ ከ1896 ጀምሮ የተሠራ። የፊልሙ ሰዎች ባፕቲ ከተባለ የለንደን መሣሪያ አከራይ ተከራዩት፣ በላዩ ማነጣጠሪያ መነጽር አሰሩበት፣ አፈሙዙ ላይ ሾጣጣ የነበልባል መሸፈኛ ገጠሙለት፣ አለቀ። ነጭ ለባሾቹ ወታደሮች የያዙት ደግሞ ስተርሊንግ የተባለው የእንግሊዝ አጭር መትረየስ ነው። ሰደፉ እንደታጠፈ፣ በጎኑ የሚገባው ካዝና አጥሮ፣ በርሜሉ ላይ የፕላስቲክ ክር ተለጥፎበት የወደፊቱ ዘመን መሣሪያ ሆነ። ገንዘብ አልነበራቸውም። ዳይሬክተሩም አገልግሎ ያረጀ የሚመስል ዓለም ይፈልግ ነበር። ድህነትና ፍላጎት ሲገጥሙ እንዲህ ይሆናል።

ታዲያ ልኩ የትኛው ነው? ማውዘሩ ከሆነ፣ በእጃችን ያለው ጥይት የሚጎርስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽጉጥ ነው፣ ብላስተር አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ያለው ብላስተር ከሆነ ደግሞ እርሱን ወስደን የምንለካበት ሜትር የለም። የሚያስቀው፣ ፊልሙ ራሱ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የለውም። ወታደሮቹ የሚተኩሱት ስተርሊንግ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ጥይት ጎርሶ ስለነበር፣ በአንዳንድ ቅጽበት ብርሃን ከሚተፋው መሣሪያ ጎን ቀለህ ሲፈናጠር ይታያል። በትክክል ልቅዳ የሚል ሰው ቀለህ መውጫውን ይክፈተው ወይስ ይድፈነው? ቢከፍተው ለዕቃው ታማኝ ነው፤ ቢደፍነው ለታሪኩ። ለሁለቱም እኩል ታማኝ መሆን አይቻልም።

ዕቃውም ቢሆን ቆሞ አልጠበቀም። ፊልሙ ሲያልቅ የተከራዩት መሣሪያዎች ተነቃቅለው ወደ አከራዩ መጋዘን ተመለሱ። ከሃን ሶሎ ሽጉጦች ለመጀመሪያው ፊልም ከተሠሩት የተረፈው ነው የተባለ አንዱ በ2022 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። እስከዚያ ድረስ የቅጂ ሠሪዎቹ ሁሉ ምስክር የቆመ የፊልም ምስልና የፎቶግራፍ ቁራጭ ነበር።

ከዚህ የባሰው በ1982 የወጣው «ብሌድ ራነር» ነው። በዚያ ፊልም ሃሪሰን ፎርድ የያዘው ሽጉጥ ከሁለት መሣሪያ የተዳቀለ ነው፤ ከቻርተር አርምስ ሪቮልቨርና ከስታየር ማንሊከር ጠመንጃ። (ማንሊከር አባቶቻችን ምንሽር እያሉ የፎከሩበት ዘር ነው፤ ሆሊውድ ድረስ ዘልቋል ብሎ ማን ይገምት ነበር?) ቅጂ ሠሪዎቹ ከሃያ ዓመት በላይ ጨለማ በሞላው ምስል ላይ አፍጥጠው ስለ አንዲት ብሎን ቦታ ሲከራከሩ ኖሩ። በ2006 ዋናው መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ላይ ብቅ አለና ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነሣ። ልክ ሲባሉ የኖሩ ቅጂዎች በአንድ ቀን ልክ መሆናቸው ቀረ። ልብ በሉ፣ ከቅጂዎቹ አንዱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምስክሩ ነው። እንግዲህ ልክነት ዕቃው ላይ የሚገኝ ጠባይ አይደለም ማለት ነው። ተመልካቾች አንድን ምስል በጋራ ይዘው፣ እርስ በርሳቸው የገቡት ውል ነው። በ1997 የተመሠረተው 501ኛው ሌጅዮን የተባለ ማኅበር ይህን ውል በጽሑፍ አስፍሮታል፤ ለእያንዳንዱ ልብስና ዕቃ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ዝርዝር አለው፣ ያላሟላ አባል አይሆንም።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። ዋናው መቅደላ ተራራ ላይ ነው። ጋፋት ላይ በሚሲዮናውያኑ የእጅ ባለሙያዎች የተቀለጠ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ በ1867 እና በ1868 ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት የተጎተተ መድፍ ነው፤ መንገዱን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው አብረው እየጠረጉ። በአደባባዩ ዙሪያ በየቀኑ ስንት ሺሕ ሰው ያልፋል። ሜትር ይዞ የአፉን ስፋት የለካ፣ «ከመቅደላው ይህን ያህል ጣት ይጎድላል» ብሎ የተከራከረ ግን ሰምቼ አላውቅም። የድንቅነሽም ነገር እንዲሁ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ የሚያያት ሰው የሚያየው ቅጂዋን ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበታል፤ ጎብኚው ይህን ቢሰማም አይከፋም።

ይህ ለምን ሆነ? ሴባስቶፖል ታሪክ አለው። ጋፋት አለ፣ ዳገቱ አለ፣ መቅደላ አለ። ቅጂው ቢያንስም ቢበልጥም ያ ሁሉ ታሪክ ከሥሩ ሆኖ ይሸከመዋል። ብላስተር የሚሸከመው ነገር የለውም። ካለመልኩ ሌላ ሀብት የሌለው ፍጡር ነው፤ መልኩ ሲጓደል ሁለንተናው ይጓደላል። ሠሪዎቹ በሚሊሜትር የሚጣሉት እብደት ይዟቸው ነው የሚል ሰው አለ፤ እኔ አይመስለኝም። ለነበረ ነገር ግምት ይበቃል። ላልነበረ ነገር ግን ከልክ በቀር መቆሚያ የለም።

መልክ ብቻውን ምን ያህል እንደሚበረታ ጂቡቲ ጥሩ ማስረጃ አላት። ወደ አቤ ሐይቅ የሚወጣ መንገደኛ፣ እንፋሎት የሚተፉትን የኖራ ድንጋይ ማማዎች እያየ፣ በ1968 የወጣው «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» እዚህ ተቀረጸ ሲባል ይሰማል፤ የጉዞ መጽሐፍም ጽፎታል። ፊልሙ የተቀረጸው አሜሪካ ውስጥ፣ አሪዞናና ዩታ አካባቢ ነው። ነገር ግን አቤ ሐይቅ ሌላ ዓለም ይመስላል፤ መምሰሉም ያልነበረውን ታሪክ ወለደለት። የተገላቢጦሹን ደግሞ ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ በሠራው በ2015ቱ «ክረምብስ» ፊልም እናገኛለን። ዓለም ካለፈ በኋላ የተረፉ ሰዎች የፕላስቲክ መጫወቻን እንደ ቅርስ ይዘው ዋጋ ይከራከሩበታል። ታሪኩ ጠፍቶ መልኩ ብቻ ሲቀር ተራ ዕቃ ይከብራል። ዳንኤል ታደሰ የተወነበትን ያንን ፊልም ያላያችሁ እዩት።

እስካሁን ብላስተርን ታሪክ የለህም ስለው ቆየሁ፤ ጨክኜበታለሁ። ከሥሩ ማውዘር አለ፣ ስተርሊንግ አለ፣ እነዚህ ደግሞ ሰው የገደሉ መሣሪያዎች ዘር ናቸው። ይህን ጂቡቲ ሆኖ መርሳት ይከብዳል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከዚህ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከታጁራ፣ በ1886 መጨረሻ ተነሥቶ 2,000 ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ይዞ ሄደ፤ በማግሥቱ ዓመት እንጦጦ ላይ ዋጋውን አስቆረጡት። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ጦር ጊዜያቸው አለፈ ብሎ የጣላቸው ነበሩ። እነዚያ ውራጅ ጠመንጃዎች ለእኛ ነገ ሆነው መጡ። የለንደኑም ውራጅ ማውዘር ለፊልሙ ነገ ሆነ። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ይተኩሱ ነበር።

የሠሪው ሥራ እንግዲህ ከጠመንጃ ላይ መተኮሱን አንሥቶ መልኩን ማስቀረት ነው። እጅ የሚፈታ ሥራ ነው። በስሪዲ ፕሪንተር የወጣው ፕላስቲክ ላዩ እንደ ታረሰ መሬት መስመር መስመር ነው፤ ስቱኮ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ከሸካራው ወደ ለስላሳው እየተሸጋገሩ ይሞረዳል፣ እንደገና ይቀባል። መጀመሪያ የብር ቀለም፣ በላዩ ጥቁር ይነፋና እጅ የሚነካው ጠርዝ ላይ ጥቁሩ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፤ ለዓመታት ከአፎት እየገባ እየወጣ ያረጀ ብረት ይመስላል። ያልኖረበትን ዘመን ጠባሳ ማለት ነው። በሲሊኮን ፎርማ ሬዚን እያፈሰሰ የሚያባዛ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ሬዚን ሲደርቅ ጥቂት ይኮማተራል፤ ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ሽጉጡ በየትውልዱ እያነሰ ይሄዳል። ልምድ ያለው ዓይን እጀታውን ብቻ አይቶ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ይጠረጥራል።

የጂቡቲ ጎዳና ግን የትርኢት አዳራሽ አይደለም። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች በአንድ ከተማ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ የአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ከአሜሪካኑ ሌሞኒዬ ሰፈር ጋር አንድ መንደርደሪያ ይጋራል። በ27 ጁን አደባባይ፣ ነባሩ ነዋሪ ምኒልክ አደባባይ በሚለው፣ በደንብ የተሠራ የሃን ሶሎ ሽጉጥ ታጥቆ የሚያልፍን ወጣት ጠባቂው በፊልሙ ዓይን አያየውም። በቃታው ዓይን ነው የሚያየው። በ2014 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ እውነተኛ በሚመስል የመጫወቻ ሽጉጥ ምክንያት በፖሊስ ተገደለ፤ መጫወቻ መሆኑን የሚናገረው የአፈሙዙ ብርቱካናማ ምልክት ከላዩ ወልቆ ነበር። በአዳራሹ ውል የሚያስመሰግነው ልክነት በመንገድ ላይ ሐሰተኛ ምስክርነት ይሆናል፤ ውሉን ያልፈረመ ሰው ተታሏልና።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ያልነበረን ነገር በልኩ መሥራት ይቻላል፣ እንዲያውም ከነበረው ይልቅ ጥብቅ ልክ ይጠይቃል፤ ልኩ የሚጸናው ግን ምስሉን በሚጋሩት መካከል ብቻ ነው። እዚህ ከተማ ይህን ሥራ ልጀምር የምትል ወጣት ካለህ፣ ሥራው የሚያሳፍር አይደለም፣ ጀምር። ፒ ኤል ኤ የሚሉትን ፕላስቲክ ግን አትመን፤ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ ካምሲን በሚነፍስበት ሐምሌ ዝግ መኪና ውስጥ የተውከው በርሜል ቀጥ ብሎ አይጠብቅህም። ፒ ኢ ቲ ጂ ይሻልሃል። ስትወጣ በተዘጋ ሣጥን ያዘው፣ አፈሙዙንም ብርቱካናማ ቀባው። ብርቱካናማውን ጫፍ ለፎቶ ስትቆም የሚነሣ ክዳን አድርገው፤ ፎቶው እንዳለቀ መልሰህ ግጠመው።