በወዳጅ ስም የመጣ ወረቀት

በአሜሪካ፣ አንዱ በኦሃዮ ሌላው በፔንስልቬንያ የጦር መሣሪያ ሱቅ የነበራቸው ሁለት ወዳጆች ነበሩ። አንዱ ዘንድ የጠፋው ከሌላው ይመጣል፤ እንዲህ ሲላላኩ ኖሩ። የኦሃዮው ሰው ግን የማይተወው ልማድ ነበረው። ወዳጁ ባዘዘ ቁጥር የፈቃዱን ቅጂ ይቀበላል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የፈቃድ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስትና የመጨረሻ አምስት አሃዞች አስገብቶ፣ ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል ቢሮ ኤቲኤፍ የመዘገበውን ስም፣ አድራሻና የማብቂያ ቀን ከቅጂው ጋር ያስተያያል። ይህን ሳያደርግ አንዲት ሽጉጥ ከሱቁ አትወጣም።

የፔንስልቬንያው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ተቀየመ። «ይህን ሁሉ ዘመን ተዋውቀን ዛሬም እንደ ሌባ ትፈትሸኛለህ?»

«የምፈትሸው አንተን አይደለም» አለ የኦሃዮው። «እ.ኤ.አ. በ1963 ዳላስ የሚኖር አንድ ሰው የመጽሔት ኩፖን በሐሰት ስም ሞልቶ፣ ከ21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ጋር ወደ ቺካጎ ላከ። ጠመንጃው በፖስታ ሳጥን መጣለት። ሻጩ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አላጣራም፤ ሕጉም አጣራ አላለውም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚያው ዓመት የተገደሉት በዚያ ጠመንጃ ነው።»

እውነቱን ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉበት እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለግለሰብ በፖስታ መሣሪያ መሸጥን ዘጋ፤ ፈቃድ ላላቸው ነጋዴዎች ግን መንገዱን ክፍት ተወ። ዛሬ የገዢው የወንጀል ታሪክ የሚጣራው ከሱቅ ሲረከብ ነው። ነጋዴ ለነጋዴ ሲልክ እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። በዚያ መንገድ ላይ ያለው በር የተቀባዩን ፈቃድ ማረጋገጥ ነው፤ ቁልፉም በላኪው እጅ ነው። ይህን በር በትውውቅ ብቻ መክፈት በማያውቁት ሰው ሕይወት መድፈር ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከፔንስልቬንያው ወዳጅ የአሥር ሽጉጥ ትእዛዝ በኢሜይል መጣ። «ሱቅ ቀይሬአለሁ፤ ወደ አዲሱ አድራሻ ላክልኝ» ይላል። ቅጂው ላይ ያለው ስም ልክ ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው፤ ቀኑም አላለፈም። የቢሮው መዝገብ የሚያሳየው አድራሻ ግን የድሮው ነው። የኦሃዮው ሰው መልእክቱ ላይ የተጻፈውን ስልክ ትቶ ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ቁጥር ደወለ።

«አዲሱ ሱቅ እንዴት ነው?»

«የምን አዲስ ሱቅ?»

ነገሩ ገባቸው። የፔንስልቬንያው ነጋዴ ለዓመታት ላዘዘባቸው ነጋዴዎች ሁሉ የፈቃዱን ቅጂ ሲልክ ኖሯል፤ ከቅጂዎቹ አንዱ በማይገባው እጅ ገብቶ አድራሻው ተቀይሯል። ሰውዬው ቅጂውን የላከላቸውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ በተራ ይደውል ጀመር። ብዙዎቹ ምንም አልደረሳቸውም። አንዱ ግን ድምፁን ሲሰማ ደስ ብሎት፣ «እንኳን ደወልክ! ስድስቱ ሽጉጦች ደረሱህ? ከትናንት በስቲያ ነው የላክኋቸው» አለው።

«ፈቃዴን ከመዝገቡ አረጋገጥክ?»

«ያንተን? እንዴት እንዲህ አዋርድሃለሁ!»

ወዲያው ለፖሊስና ለኤቲኤፍ አመለከቱ። ካርቶኑ ግን በዚያው ጠዋት በአዲሱ አድራሻ፣ በፔንስልቬንያው ነጋዴ ስም ተፈርሞበት ተወስዷል።