እንግዳው ደጅ ሳይደርስ

ወገኖቼ፣ የዛሬው ቃሌ ስለ ድንጋይ ነው። ብቻውን በብስክሌት አገራችንን አቋርጦ በሚያልፍ የውጭ አገር ሰው ላይ ልጆቻችን ስለሚወረውሩት ድንጋይ፣ ከልጆቹም ይልቅ አጠገባቸው ተቀምጠው እያዩ ዝም ስለሚሉ ትልልቅ ሰዎች። ስንት ሐሜት፣ ስንት የሐሰት ምስክርነት፣ ስንት የድሃ ደመወዝ መብላት እያለ ይህ ምን ሆኖ ነው ስብከት የሚሆነው የሚል አይጠፋም። ስብከት የሚሆነው ከምንም በላይ የምንኮራበትን ነገር ስለሚያፈርስብን ነው። እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን። ሐሰት አይደለም፤ ደጃችንን ለረገጠ ሰው እግሩን አጥበን፣ ያለንን አቅርበን፣ መደባችንን ለቀን መሬት የምንተኛ ሕዝብ ነን። ነገር ግን እንግዳ መቀበል የሚጀምረው ከመንገድ ነው። መንገድ ላይ የተፈነከተ ሰው ደጃችን ድረስ አይመጣም።

እስቲ የዚያን ሰው ውሎ አስቡት። በመተማ ገብቶ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ብስክሌተኛ ዓባይን መሻገሩ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቅ የብስክሌተኞች የቡድን ጉዞ ተጀምሯል፤ በቡድን የሚሄዱትን መኪና ይከተላቸዋል፣ የሚያበስልላቸውና የታመመውን የሚያነሳላቸው አለ። ብቻውን የሚሄደው ግን ድንኳኑንም ውኃውንም ምድጃውንም በዚያችው ብስክሌት ጭኖ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ሲሻገር የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፤ ከዚያ እስከ ጎሃ ጽዮን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥምዝምዝ አቀበት፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቀዋል። በዚያ አቀበት ላይ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ አንዱን ቢያነሳ ጭነቱ ያንገዳግደዋል። የአሥር ዓመት ልጅ እየሳቀ ጎን ለጎኑ ይሮጣል። መጀመሪያ «ዩ! ዩ! ዩ!» ነው፤ ቀጥሎ «ፈረንጅ! መኒ! ሃይላንድ!» ይሆናል። ከዚያ የኋላውን ሻንጣ ማሰሪያ የሚጎትት እጅ ይመጣል፤ በሚሽከረከረው ጎማ ሽቦዎች መካከል በትር ሊሰነቅር የሚሞክርም አለ። ጥቂት ራቅ እንዳለ ድንጋዩ ጀርባው ላይ ያርፋል። ቁልቁለት ላይ የሆነ እንደሆነማ አንዲት ድንጋይ ፊቱን ብታገኘው ገደል ትከተዋለች። ዞሮ እንዳይቆጣ ቋንቋ የለውም፤ እንዳያመልጥ አቀበቱ አያስሮጠውም። ቀና ሲል ከመንገዱ ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ያያል። አንዳንዶቹ ይስቃሉ።

ይህ ያንድ ሰው ስሞታ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም። በአገራችን በብስክሌት ያለፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ነው፤ እነዚያው ሰዎች በዚያው አፋቸው ስለ ቡናችን፣ ስለ እንጀራችን፣ መሽቶባቸው ስላሳደራቸው ሰው ያመሰግናሉ። ስለዚህ ጠልተውን ነው ብለን መገላገል አንችልም። ዴርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት እ.ኤ.አ. በ1963 ብቻዋን በብስክሌት ከአገሯ እስከ ህንድ ከተጓዘች በኋላ፣ በ1966 መጨረሻ ወደ እኛ መጥታ ከምጽዋ ተነሥታ፣ ብዙውን መንገድ ከአንድ በቅሎ ጋር፣ በእግሯ ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች። ማታ ማታ የገበሬ ጎጆ አሳደራት፤ መንገድ ላይ ሽፍታ ዘረፋት። ሁለቱንም በመጽሐፏ አሰፈረች። ጎጆውም መንገዱም የእኛ ነበሩ።

ስለ መንገድ ካነሣን አብርሃምን እናስብ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ አባቶች ሲያስተምሩ የሚነግሩንን የሰይጣንን ተንኮል ግን በደንብ ያዙልኝ። አብርሃም እንግዳ ሳያገኝ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን ይህን ደግነት ሊያጠፋ ሲነሣ ወደ አብርሃም ድንኳን አልሄደም፤ ሣራንም እንዳትጋግር አልከለከላትም። ሄዶ መንገድ ላይ ተቀመጠ። የተፈነከተ መስሎ፣ አብርሃም እንደ ድሮው መስሏችሁ ከሆነ ይኸው እኔን ደብድቦ ሰደደኝ እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰ። አብርሃም ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ሲጠብቅ ጦሙን ዋለ፣ ጦሙን አደረ። ማዕዱ አልጎደለም፣ ልቡም አልከፋም፤ መንገዱ ግን ተይዞበት ነበር። ያኔ ሰይጣን የሐሰት ቁስል ማበጀት አስፈልጎት ነበር። ዛሬ እውነተኛውን ቁስል እኛ እናቀርብለታለን፤ እርሱ አርፎ ተቀምጧል! በቀትር ሦስቱ እንግዶች በታዩት ጊዜ ያ ሽማግሌ ሮጠ። ልጆቻችንም እንግዳ ሲያዩ ይሮጣሉ። አብርሃም ጎንበስ ያለው ሊሰግድ ነበር፤ የእኛዎቹ ጎንበስ የሚሉት ድንጋይ ሊያነሱ ነው።

«ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ?» ትሉኛላችሁ። ያውቃሉ እንጂ። እረኛ ልጅ ድንጋይ መወርወርን የተማረው ከሥራው ነው፤ ከብት ይመልስበታል፣ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቅበታል። በሬውን ሲመልስ ግን አጥንቱን እንዳይሰብር ድንጋዩን ከጎኑ ያሳርፋል። ለበሬ የሚጠነቀቅ ልጅ ለሰው ካልተጠነቀቀ፣ መንገደኛውን ከዝንጀሮው ወገን ቆጥሮታል ማለት ነው። ይህን ደግሞ ከራሱ አላመጣውም፤ ከእኛ ሣቅ ነው የተማረው። ያው ልጅ በቄሱ ላይ ቢወረውር፣ የጎረቤት አህያ እግር ቢሰብር፣ ጀምበር ሳትጠልቅ አባቱ ተጠርቶ፣ ልጁ ተቀጥቶ፣ ካሣ ተቆርጦ ነበር። እንግዲህ ልጆቹ አልታዘዝ አሉን አትበሉኝ። በቤቴል አቀበት ላይ ነቢዩን ኤልሳዕን በመላጣነቱ ስለተሳለቁበት ልጆች ስናነብ ሁላችንም የምናስበው ስለ ድቦቹና ስለ 42ቱ ልጆች ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድም ትልቅ ሰው አለመጻፉ ነው። ያን ያህል ልጅ ከከተማ ወጥቶ በመንገደኛ ላይ ሲጮኽ «ተው» ያለ አባት፣ «ና ግባ» ያለች እናት የለችም። ድቦቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

«ልመናውንስ ያስተማሯቸው ራሳቸው ፈረንጆቹ አይደሉም ወይ?» የሚለው እውነት አለበት። ከመኪና መስኮት ከረሜላና እስክሪብቶ እየበተኑ ያለፉ አሉ፤ ለሚሮጥ ልጅ እየወረወሩ መስጠት ልጁን ማዋረድ ነው፣ እነሱም ይጠየቁበታል። ሆኖም ከረሜላ የበተነው መስኮቱን ዘግቶ ሄዷል። ድንጋዩ የሚያርፈው መስኮት በሌለው ላይ ነው። ያልተበደረን ሰው ዕዳ ማስከፈል በዳኛም በእግዚአብሔርም ፊት ግፍ ነው። «ሀብታም ነው፣ ሊዝናና መጥቶ ነው፣ ማን ና አለው?» ማለትም አያስኬድም። አብርሃም በዚህ ቀትር ለምን ወጣችሁ ብሎ አልጠየቀም፤ ውኃ አቀረበ።

የእስራኤል ልጆች መጻተኛን እንዳያስጨንቁ ሲታዘዙ ምክንያቱ አብሮ ተነግሯቸዋል፤ በግብፅ ተሰድደው የስደተኛን ልብ ያውቁ ነበርና። እኛስ አናውቅም? ባሕርና በረሃ አቋርጦ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ የሌለበት ቀበሌ የት አለ? በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በውርጭ በብስክሌት ምግብ እያደረሱ የሚኖሩ ልጆች አሉን። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እንዴት እንደኮራን አስታውሱ፤ እሱ የወጣው አቀበት ሁሉ የሰው አገር አቀበት ነበር። ልጃችን በሰው አገር ተመታ የሚል ወሬ ሲደርሰን «እንዴ፣ በዚያ አገር ሰው የለም ወይ?» ብለን እናለቅሳለን። በእኛ አቀበት ላይ የተመታውም ሰው እናት አለችው፤ የምትጠይቀውም ይህንኑ ነው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። መንገድ ዳር ሱቅ ያላችሁ፣ ዛፍ ሥር የምትሸመግሉ፣ ብስክሌተኛው ሲመጣ ከተቀመጣችሁበት ተነሡ። መነሣታችሁ ብቻ ልጆቹን ያቆማቸዋል። ሰላምታ ስጡት፤ ውኃ ካላችሁ ቅዱለት። የወረወረውን ልጅ የማንም ይሁን የማን ገሥጹት፤ ወላጁም «ልጄን ለምን ተናገርክብኝ» ብሎ አይጣላ። ለአህያ እግር ካሣ የምትቆርጡ ሽማግሌዎች የመንገደኛውን ደም በዚያው ሸንጎ እዩት፤ በሰንበቴ ስትሰበሰቡም ተነጋገሩበት። እኛም የንስሐ አባቶች፣ ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ከእንግዲህ መንገድ ዳር የሚውለውን ሰው ድንጋይ ሲወረወር አይተህ ምን አልክ ብለን እንጠይቀው። ስቄ ነበር ካለ ቀኖናውን ይቀበላል።