ፍጉም ይብሰል፣ እጃችሁም ይመጠን

ልጆቼ፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና ወጌን በአንድ ፍሬ ኮረሪማ ልጀምር። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ወቅጠው የሚጨምሩት፣ ሆድ ሲነፋን በቡና የሚያጠጡን፣ ገበያ ላይ በገመድ ተሰክቶ የሚሸጠው ይህ ፍሬ የደን ልጅ ነው። በከፋና በሸካ ደን፣ ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከቡናው ጎን ለጎን ይበቅላል። ሥሩም ወደ ታች ብዙ አይርቅም፤ ከረገፈው ቅጠል በታች ተጋድሞ ይኖራል።

አሁን አሁን ብዙዎቻችሁ በዚያው ጥላ ሥር ኮረሪማ እየተከላችሁ፣ «የፋብሪካ ማዳበሪያ አናስነካውም፤ ፍግና ብስባሽ ይበቃናል» ስትሉ እሰማለሁ። እሰየው፣ ተባረኩ። ግን የተፈጥሮ ነው ተብሎ እንደ ልብ አይደፋም። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በጎልማሳነቴ፣ ጠግቦ ያፈራልኛል ብዬ፣ ከበረት የወጣ ትኩስ እበት በቅርጫት እያመላለስኩ ኮረሪማው ሥር ከመርኩት። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ደረቀ፤ አዲሱም ቡቃያ ጠወለገ። ለካ ትኩስ እበት የሚያወጣው አሞኒያ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርና ተውሳክም ይዞ ይመጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀምም አቃተኝ።

እስቲ ደኑ ውስጥ ጎንበስ በሉና የረገፈውን ቅጠል በጣታችሁ ግለጡት። የላይኛው ደረቅ ነው፤ የሥሩ ረጥቦ ጠቁሯል። ዝቅ ስትሉ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ታገኛላችሁ። ሻጋታ ነው ብላችሁ አትጸየፉት፤ ፈንገስ ነው። ከእነዚህ ፈንገሶች ከተክል ሥር ጋር ተዋውለው የሚኖሩ አሉ። ሥሩ የማይደርስበትን ፎስፈረስና ውሃ ለቅመው ያመጡለታል፤ እሱም በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ያካፍላቸዋል። ደቦ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ለም አፈር ውስጥ ደግሞ እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል። እያንዳንዱ ለዓይን አይታይም፤ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። መሬት በመጀመሪያው ዝናብ ስትርስ የሚያውደን ሽታ የእነሱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው፣ የሳንባ ነቀርሳን ማከም የቻለው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒትም የወጣው ከእነዚሁ ወገን ከሆነ የአፈር ባክቴሪያ ነው። አፈር ራሱ የመድኃኒት ቤት ነው።

የሥሩና የፈንገሱ ደቦ ግን ፍግ ሲበዛበት ይፈታል። ፎስፈረስ ደጁ ድረስ የተከመረለት ተክል ከፈንገሱ ጋር ያለውን ውል ያላላል፤ ቀለብ የሚያመጣለት ካለ ጎረቤት ምን ያደርግለታል? ናይትሮጅን ሲበዛበት ደግሞ ቅጠል ብቻ ማብዛት ይቀናዋል። የመድኃኒት ተክል ሽታውንና ምሬቱን ብዙ ጊዜ የሚያበጀው ተባይንና ችግርን ሊቋቋምበት ነው፤ ጋሻና ጦሩ ነው። ተቀማጥሎ ሲያድግ ጋሻውን ሊያሳሳ ይችላል። ኪሎ አገኘሁ ብሎ መዓዛ ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ነገር ነው። ጥሬ ገለባ ቀብራችሁም አትመኑ። የአፈሩ ደቂቅ ፍጥረታት ገለባውን ሊያበሰብሱ ሲሉ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ ተክሉም ቢጫ ይሆናል።

ስለዚህ አብስሉት። ደረቁን ቅጠል፣ እርጥቡን ሣር፣ እበቱንና ጥቂት አፈር ደራርቡ። ከመሃሉ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። ከቀናት በኋላ መዝዛችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ከሞቀ ክምሩ ሥራ ላይ ነው። ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የአረም ዘርና ተውሳክ ይሞታል፤ እያገላበጣችሁ ሁሉንም ወገን አዳርሱት። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ጠብ ጠብ ካለ እርጥበቱ ደኅና ነው፤ ከወረደ ግን በዝቷል። ሦስት አራት ወር ታገሡት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጠቁሮ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ ደን አፈር ሲሸት ያኔ ደርሷል።

ስትጨምሩትም ከግንዱ ራቅ፣ ሳሳ አድርጋችሁ በትኑት። ሥሩ ቅርብ ነውና አትቆፍሩ፤ የረገፈውንም ቅጠል አትጥረጉ፤ የአፈሩ ጋቢ ነው። ምንጭና ወንዝ ዳር አታድርሱት፤ ጎርፍ ወስዶ ውሃውን ያበላሸዋል። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ መደብ ብቻ ሞክሩ፤ ጎኑ ያለውን እንደነበረ ተዉት።

ፍሬው ሲደርስ ከሁለቱም መደብ አንዳንድ አምጡና አድርቁ። ፈልቅቃችሁ ዘሩን በመዳፋችሁ እሹት፤ እናቶቻችሁንም ጥሩና አሽትቱ። የእኔን ምክር ያኔ አፍንጫችሁ ይፍረደው።