ፈሪ የምንለው ሰው

መቼም ዱራሜ ድረስ ሄዶ ሀምበሪቾን ሳይወጡ መመለስ ያስወቅሳል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «777 ደረጃ ነው፤ ቀስ ካሉ አይከብድም» አለኝ። እኔም ሃምሳን የተሻገርኩ ሰውዬ ከዘራዬን ይዤ ጀመርኩት።

እግሬ አልደከመም። መቶኛው ደረጃ ገደማ ዞር ብዬ ቁልቁል አየሁ። በቃ! ልቤ ደረቴን ይደልቅ ጀመር፤ መዳፌ ራሰ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። እንደማልወድቅ አውቃለሁ። ልጆች በአጠገቤ እየዘለሉ ያልፋሉ። ማወቄ ግን ምንም አልፈየደልኝም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አብሮኝ የወጣው የዱራሜ ወጣት ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀም። አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ምን ያስቸኩለናል? ሲሻልዎ አምስት ደረጃ እንጨምራለን፤ ካልሆነም እንወርዳለን» አለኝ። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ከዓመታት በፊት የበደልኩት አንድ ተማሪ ነው።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ነው። ልጁ ሲጽፍ ያስቀናል። ክፍሉ ፊት ቆሞ እንዲያነብ ሲጠራ ግን ላብ ያጠምቀዋል፤ ድምፁ ይጠፋል። እኔ ታዲያ «ወንድ አይደለህም እንዴ? ተናገር!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጁ ክፍል አልመጣም። ሰነፍ ነው ብዬ ኤፍ ሞላሁለት። ዛሬ ሳስበው፣ ምናልባት ያረምኩት ችሎታውን ሳይሆን ሕመሙን ነው።

ፎቢያ ተራ ፍርሃት አይደለም። የአእምሮ ሐኪሞች ከጭንቀት ሕመሞች ይመድቡታል። እባብን መፍራት ጤና ነው፤ ነፍስ ያተርፋል። ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር አልመጣጠን ሲል፣ 6 ወርና ከዚያም በላይ ሲዘልቅ፣ ሰውን ከሥራው፣ ከትምህርቱ፣ ከሕክምናው ሲያሸሸው ግን ሕመም ይሆናል። አንዱ ከፍታ ይፈራል፣ አንዱ ውሻ፣ አንዱ የተዘጋ ክፍል፣ ሌላው የሰው ዓይን። ደም ሲያይ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን የሚስትም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው በቁጣ ማን ያቆመዋል? አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲሉ አንዱን ምክንያት ደርሰውበት ነበር፤ አንዴ የደነገጠ ገላ ልጡን ከእባቡ አይለይም። ፎቢያ ሁሉ ግን የሚያስታውሱት እባብ የለውም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው ባልመረጠው ፍርሃት ይወቀሳል ወይ? አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት በሥነ ምግባር መጽሐፉ ነክቶታል። ለእሱ ጀግና ማለት ፍርሃት የማያውቅ ሰው አይደለም፤ የሚያስፈራውን በሚገባው ልክ የሚፈራ ነው። ከዚያም አይጥ የምታድን አንዲት ትንሽ አውሬ ይፈራ የነበረን ሰው ያነሳና፣ ይህ ከሕመም የመጣ ነው ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። በጀግና ወግ ያደግን እኛ ግን «ፈሪ ለናቱ» እያልን ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንከታለን።

«ታዲያ ማንም ሥራ የጠላ ፎቢያ አለብኝ ቢልስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የፍርሃቱ መምጣት አያስወቅስም፤ ከመጣ በኋላ የምናደርገው ግን በከፊልም ቢሆን የእኛ ነው። ሽሽት ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፍርሃቱን ግን ያደልበዋል። ስድብም መድኃኒት አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጥንቸል ስለሚፈራ ፒተር ስለተባለ ሕፃን ጽፋ ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ አቀረቡለት፤ በመጨረሻ በእጁ ዳሰሳት። ዛሬም ዋናው ሕክምና በዚሁ መንገድ ላይ የቆመ ነው፤ በሽተኛው ፈቅዶ፣ ጥቂት በጥቂት፣ የሚፈራውን መቅረብ።

የዱራሜው ልጅ ያደረገልኝም ይህንኑ ነው፤ አምስት አምስት ደረጃ። ያን ቀን 777ኛው ላይ አልደረስኩም፤ ከተቀመጥኩበት ግን ብዙ ርቄ ወጥቻለሁ። እኔም ያኔ ተማሪዬን «ዛሬ ለእኔ ብቻ አንብብልኝ፤ በሚቀጥለው ለሁለት ጓደኞችህ» ብለው ምን ነበረበት?

ከቤታችሁ መብራት ሲጠፋ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ መርፌ ፈርታ ሐኪም ቤት የማትሄድ እህት ትኖር ይሆናል። ከመሳቃችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ስስቅ ያጣሁትን ተማሪ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።