ጠብቁ ተባላችሁ እንጂ ከልክሉ አልተባላችሁም

በአርሲ ምድር ሰልፍ ከአዋጅ በፊት የነበረ ነው። ባል ሚስቱን አዋርዶ የደበደበ እንደሆነ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን አንሥተው፣ በጩኸት ተጠራርተው ይወጣሉ። ሲንቄ ለሙሽራዋ በሠርጓ ቀን የሚሰጣት ቀጭን በትር ናት። ወንድ ያንን ሰልፍ አያቋርጥም፤ እጁንም አያነሣበትም። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ጥፋተኛው ከብት አርዶ ይቅርታ ይለምናል። በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲንቄ ከገባችም ጠቡ ይቆማል። በትር የያዘች እናት በምትከበርበት በዚህ አገር ባዶ እጁን የወጣ ዜጋ በጥይት መመለሱ ምን ያለ ውርደት ነው!

በአሰላና በዙሪያዋ ወረዳዎች፣ በመላ አገሪቱም ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ አስተዳዳሪዎችና የፖሊስ አዛዦች፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው።

አዋጅ ቁጥር 3/1983ን አንብቡት። ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል፤ ያስፈቅድ አይልም። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሰልፉ ከቶ አይደረግም የማለት ሥልጣን ግን አልተሰጠውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና መሰለፍን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል።

እናንተ ግን «እውቅና የሌለው ሰልፍ» የሚል ወንጀል ከራሳችሁ አወጣችሁ። ደብዳቤውን አንቀበልም ትላላችሁ፤ ብትቀበሉም መልስ ትነፍጋላችሁ፤ ሲብስም በቂ የፖሊስ ኃይል የለንም ትላላችሁ። ለመጠበቅ የጠፋው ፖሊስ ለመበተን ከየት ተገኘ?

ጸጥታ ለማስከበር ነው አትበሉን። በ1997 ከምርጫው ማግስት በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ታገደ። በዚያ ዓመት ሰኔና በተከታዩ ጥቅምት የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን ሲቆጥራቸው 193 ሆኑ። በሚያዝያ 2004 ከአሰላ በስተደቡብ በምትገኘው አሳሳ፣ አንድ ኢማም ሊያዝ ሲል በተነሣው ግጭት ሰዎች በፖሊስ ጥይት ወደቁ። ሐምሌ 30 ቀን 2008 በኦሮሚያ ከተሞች የተጠሩት ሰልፎች አስቀድመው ታግደው ነበር፤ በዚያ ቀን አሳሳ እንደገና ሬሳ አነሣች። መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ ለኢሬቻ በዓል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ በግፊያው ተረጋግጦ ከሞተው ሕዝብ መንግሥት ራሱ ያመነው ከ50 በላይ ነው። በሚያዝያ 2009 የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ በዚያ ዘመን ሁከት 669 ሰው መሞቱን ለፓርላማ ሪፖርት አደረገ። ከልክላችሁ ያገኛችሁት ጸጥታ ይህ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ከድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በአርሲና በሌሎች የኦሮሚያ አካባቢዎች ዱላና ገጀራ የያዘ መንጋ ቤት ለቤት ዞረ። ያ መንጋ ሰልፈኛ አይባልም፤ ቤት ያቃጠለና ጎረቤቱን ያረደ ወንጀለኛ ነው፤ እርሱንም ሕግ ይጠይቀው። ነገር ግን ተጎጂዎች ድረሱልን ብለው ሲጮኹ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የተባሉባቸው ቦታዎች እንደነበሩ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ መዝግቧል። በዚያ ሁከት 123 ሰው ሞተ። መፈክር ይዞ ለወጣ ወጣት ለመተኮስ የፈጠናችሁ፣ ገጀራ ይዞ ከመጣ ሰው እናትን ለማዳን ትእዛዝ ጠበቃችሁ። ሥልጣናችሁን የምትለኩት በምትጠብቁት ሰው ብዛት ሳይሆን በምትበትኑት ሆኗልና እፈሩ!

ሕዝብ ብሶቱን በአደባባይ ሲናገር አገር አይፈርስም። አፉን የታፈነ ሰው ግን ብሶቱን ጨለማ ውስጥ ያሳድገዋል፤ ያደገ ዕለትም የሚወጣው ያለ አስተባባሪ፣ ያለ ደብዳቤና ያለ መንገድ ካርታ ነው። ያን ጊዜ የምታነጋግሩት ሰው አታገኙም።

ስለዚህ የማሳወቂያው ደብዳቤ ነገ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ተቀበሉት፤ የተቀበላችሁበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ቅጂውን ለባለቤቱ መልሱ። ከአስተባባሪዎቹ ጋር መንገዱን ተነጋገሩ፣ መኪና አስቁሙ፣ ሰልፈኛውን አጅባችሁ አድርሱት፣ አጅባችሁም ወደ ቤቱ መልሱት። ሕጉ የሰጣችሁ ሥራ ይኸው ነው።