የጺሜ ዕዳ

በ2015 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ለመሄድ ሳስብ ከሁሉ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ፓስፖርቴን አልነበረም፤ ጺሜን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የምሄደው በአል-አዝሀር መስጂድ ውስጥ የኛ አገርና የአካባቢው ሙስሊም ተማሪዎች ለዘመናት ይጠለሉበት ስለነበረው «ሪዋቀል ጀበርት» መረጃ ለመሰብሰብ ነበር። በ1798 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር ግብጽን ሲወር በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ የታሪክ ሰው ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ፣ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚሁ ሪዋቅ ሼሆች ነው። እንዲህ ካለ ቦታ የተላጨ አገጭ ይዞ መቅረብ አሳፈረኝ። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ምላጭ አላስነካሁትም። ሱናን ፈልጌ ነው ብል ቀጥፌያለሁ። ዓሊም መሆኑ ቢቀር ዓሊም ለመምሰል ነበር።

ጺሜም አላሳፈረኝም። በሦስተኛው ሳምንት የሰፈራችን ልጆች «ኡስታዝ» ይሉኝ ጀመር፤ በስድስተኛው ኢቃማ ሲባል ሰዎች ወደ ሚሕራቡ ይገፉኝ ጀመር። ያልተታለለችው እናቴ ብቻ ናት። «ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

ካይሮ ስደርስ ግን ከአዝሀር መምህራን ብዙዎቹ ነጭ ጥምጥማቸውን በቀዩ ቆብ ላይ ጠምጥመው፣ ጺማቸውን ወይ ተላጭተዋል ወይ አሳጥረዋል። ዕውቀቱ ያለ ጺም፣ ጺሙም ያለ ዕውቀት ፊት ለፊት ተገናኘን። (መዝሀቦች በጉዳዩ ላይ ያሉትን ለባለቤቶቹ ልተወው።) እዚያ አገር ደግሞ ጺም እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ጺማቸውን ያሳደጉ ፖሊሶች ከሥራ ታግደው ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተዋል። እነሱ ስለ ጺማቸው እንጀራቸውን ሰጡ፤ እኔ ግን በጺሜ በላሁበት። እንዴት እንደበላሁበት ልንገራችሁ።

ያረፍኩት ከአዝሀር ጀርባ፣ ደራሳ በሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አንድ ፉል ሻጭ ጋሪውን ያቆማል። ውድ አንባቢያን፣ ፉል እናውቃለን የምንለው በከንቱ ነው። የነሱ ባቄላ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ በሆነ የብረት ማሰሮ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በለሆሳስ እሳት ሲበስል ያድራል። ሰውየው ረጅም ጭልፋውን ሰድዶ ያወጣና ከሙን፣ ሎሚ፣ ዘይትና ጠሂና ያደርግበታል፤ አለቀ። እንደኛ እንቁላል፣ እርጎና ሚጥሚጣ ተጭኖበት ባቄላው የት ገባ አያሰኝም። ዳቦውን «ዒሽ» ይሉታል፣ ሕይወት እንደማለት ነው፤ ትኩሱን ለቀመሰ ስሙ አልበዛበትም።

በመጀመሪያው ቀን በገበያ ዐረብኛዬ ጨዋታ ጀመርኩ። «እናንተ ምስር ብላችሁ አገራችሁን ትጠራላችሁ፤ በኛ ቋንቋ ምስር ማለት ዐደስ ነው፣ ወጥ እንሠራዋለን» አልኩት። «ውሃውን መገደባችሁ አነሰና አገሩንም ቀቅላችሁ ልትበሉት!» ብሎ በሳቅ ሞተ። ሂሳቤን ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት መዳፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ኸሊሃ ዐለይና፣ ያ መውላና!» አለኝ። በኛ ላይ ይሁን ማለቱ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በልቤ፣ ኢስላማዊ ወንድማማችነት ማለት ይሄ ነው አልኩ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ዱዓ አደረግሁለት፤ ረዘም ያለ ዱዓ፣ ጺሜን እያሻሸሁ። እሱም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዕሚያ አስጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ፊቱ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ፤ ገበያ ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ ለገበያውም ዱዓ አደረግሁለት።

በዚያው ማታ አዝሀር የሚማር ያገሬ ልጅ ሊሰናበተኝ መጣ። የፉል ሻጩን ቸርነት ስተርክለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ጋሼ፣ ‹ኸሊሃ ዐለይና› ማለትኮ እኛ አገር ‹እንብላ› እንደማለት ነው! እሱ ይላል፣ እርስዎ እምቢ ይላሉ፣ ደግሞ ይላል፣ እምቢ ብለው ይከፍላሉ።» ክው አልኩ። እኛ ዘንድ በላተኛ «እንብላ» ቢል መንገደኛው «ብሉ፣ ይባርክላችሁ» ብሎ ያልፋል እንጂ ቁጭ ብሎ እጁን አይታጠብም። እኔ አራት ቀን ታጠብኩ። ሰውየውስ ዝም ያለው ለምንድን ነው? ለመውላና ማን አፍ አውጥቶ «ክፈል» ይላል?

በረራዬ ከፈጅር በፊት ስለነበር ጋሪው ሳይመጣ ከተማውን ለቅቄ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ ፊቅህ የቀራ ወዳጄን አማከርኩ። «በአንደበቱ ሰጥቶህ የለ እንዴ?» አለኝ መጀመሪያ፤ እየሳቀ ነው። ቀጥሎ ሳቁን ተወና የሙስሊም ገንዘብ ልቡ ካልፈቀደ ሐላል እንደማይሆን፣ ሰውን በይሉኝታ ይዞ የወሰዱትም በሰይፍ ከነጠቁት ብዙ እንደማይርቅ ዑለሞች መናገራቸውን አስታወሰኝ። እኔ ሰይፍ አልመዘዝኩም፤ የመዘዝኩት ጺም ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ አራት ቁርስ ምን ያህል ነው? ሰውየው ያመነው እኔን አልነበረም፤ ከየት ያውቀኛል? ያመነው ከኔ በፊት ጺም አሳድገው የሰው ሐቅ ያልነኩትን ነው። እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ጥቂት በጥቂት ካጠራቀሙት ላይ ነው እኔ በአራት ቀን የበላሁት። ከኔ በኋላ ወደዚያ ጋሪ የሚጠጋ ጺማም ሰው ቢኖር ደግሞ፣ ሚስኪን፣ የኔን ፊት የሚቀበለው እሱ ነው።

እንግዲያው ልላጨው ብዬ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገባሁ። ልጁ ምላጩን ስሎ «ልጀምር?» ሲለኝ ፉደይል ኢብኑ ዒያድ ትዝ አሉኝ፤ ለሰው ብሎ መሥራት ብቻ ሳይሆን ለሰው ብሎ መተውም በሽታ መሆኑን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባሳድገው «ኡስታዝ» ለሚሉኝ ልጆች ነው፤ ብላጨው ከፉል ሻጩ ለመደበቅ ነው። በሁለቱም በኩል ብፈልግ አላህን ያሰብኩበት ቦታ አጣሁ። ልጁን «ዳር ዳሩን አስተካክልልኝ» ብዬ ወጣሁ። እነሆ እስከ ዛሬ አለ፤ ኒያው ግን ገና አልበቀለም።

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ልጅ ለትምህርት ወደ አዝሀር የሚሄድ ሆነ። ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት፤ የጋሪውን ቦታ፣ የሰውየውን መልክ ነገርኩት።

«ማን ላከው ልበል?» አለኝ።

«ምስር ወጥ የሚበላው ሐበሻ በል፤ ያስታውሳል።»

ልጁ ትንሽ አሰበና «‹ኸሊሃ ዐለይና› ቢለኝስ?» አለ።

«ሦስት ጊዜ እምቢ በል።»

«አራተኛ ጊዜ ቢልስ?»

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር።