ለማን ያልታወቀች?

«ብዙ ያልታወቀች ከተማ» የሚለው ሐረግ በጉዞ ጸሐፊዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። አንባቢውን ያጓጓል፤ ጸሐፊውንም የመጀመሪያው ተመልካች ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ ሐረጉን ቆም ብሎ ለመረመረው ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል። «ታወቀ» የሚለው ግሥ የታወቀውን እንጂ ያወቀውን አይጠራም፤ ከተማይቱ አልታወቀችም ሲባል ያላወቃት ማን እንደ ሆነ ሳይነገር ይታለፋል። በከተማይቱ ተወልዶ፣ አርሶና ነግዶ፣ ልጅ ድሮና ወላጅ ቀብሮ የሚኖረው ሕዝብ ከአዋቂዎች ቁጥር ሳይገባ ይቀራል ማለት ነው። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን መጽሔት አንባቢ ባላደከምንበት ነበር። ነገር ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። አንድን አገር ማወቅ ምን ማለት ነው? ያወቀውስ ሰው ለዚያ አገር ሕዝብ ምን ዕዳ አለበት?

በበርማ፣ ማለትም በዛሬዋ ምያንማር፣ የሳልዊን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ ሞልሜን የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እንግሊዞች ከመጀመሪያው የበርማ ጦርነት በኋላ የቅኝ ግዛታቸው መናገሻ አድርገዋት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1852 ራንጉንን ከያዙ በኋላ ግን ሹማምንቱም ንግዱም ወደዚያው ዞረ። ዛሬ ወደ ከተማይቱ የሚዘልቅ መንገደኛ ቅኝ ገዢዎች ያቆሟቸውን ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ያያል፤ ቀና ሲል ደግሞ በኮረብታው ራስ ላይ ከእነዚያ ሁሉ ብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም የቡድሃ ቤተ መቅደስ ያያል። የሞልሜን ስም በምዕራቡ አንባቢ ዘንድ የተጠራው ግን በሁለት እንግዶች ብዕር ነው። አንደኛው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 በመርከብ ሲያልፍ ለአጭር ጊዜ ጎብኝቷት በኋላ በግጥሙ አነሣት። ሁለተኛው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1926 በፖሊስ መኮንንነት አገልግሎባት፣ ከ10 ዓመት በኋላ ስለ አንድ ዝሆን መገደል በጻፈው መጣጥፍ አስታወሳት። ሁለቱን አንድ አድርገን አንመለከታቸውም። ኦርዌል ቢያንስ በዚያ ሥርዐት ውስጥ የራሱን ድርሻ ለመመርመር ደፍሯል። ቢሆንም በየማለዳው አበባ ይዘው ወደ ኮረብታው የሚወጡት ሰዎች የከተማቸውን መኖር ከሁለቱም አልተማሩም።

እስከዚያ ድረስ የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። ጎጃም ውስጥ፣ በአዊ ዞን፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ዳንግላ አለች። ዳንግላ ባሕርም ፓጎዳም የላትም፤ አገራችንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ከመወረሯ በቀር እንደ በርማ የማንም ቅኝ ግዛት አልነበረችም። ነገር ግን ያው ጥያቄ እዚህም ደጃፋችን ቆሟል። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ያደረገው በዳንግላ ነበር። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት በዓረብ ምድረ በዳ ተጉዞ ነበር፤ ስለዚያ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ሲታተም ርእሱ «ባልታወቀችው ዓረቢያ» የሚል ነበር። ለማን ያልታወቀች? ብሎ ዓረቦቹን የጠየቀ የለም።

በዚያ ዘመን ለአንዲት የጎጃም ከተማ ቆንስል የሚያሰፍር የእንግሊዝ ንግድ ምን ነበር ቢባል መልሱ ከከተማይቱ አልፎ የሚገኝ ነው። መልሱ ውሃ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ ብሪታንያና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር። ብሪታንያ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት የነበራት ምኞት እየጠነከረ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 መጨረሻ ከኢጣሊያ ጋር በደብዳቤ ተስማማች፤ አንዷ ለሌላዋ ድጋፍ ልትሰጥ፣ ለአንዷ ግድቡ፣ ለሌላዋ የባቡር ሐዲዱ። ባለቤቷ አገር አልተጠየቀችም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን በ1918 ዓ.ም. ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ማለታቸው ይታወቃል። እንግዲህ ቺዝማን በበቅሎ ጣናን የዞረው፣ የዓባይንም ሸለቆ ተከትሎ ካርታ ያነሣው ይህ ሁሉ በሚደረግበት ወቅት ነው። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1936፣ ማለት አዲስ አበባ በፋሺስቶች እጅ በወደቀችበት ዓመት ነበር።

ውሃውን ፍለጋ የመጣው እርሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ከእንጅባራ በስተ ምሥራቅ በሰከላ ወደሚገኘው ወደ ግሽ ዓባይ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሰዋል። ብሩስ ከእርሱ በፊት የመጣ ፈረንጅ መኖሩን ለማመን አልፈለገም፤ ስለዚህም በሙት ላይ ረጅም ሙግት ገጠመ። ራሱ እንደ ጻፈው ያረፈው በምንጩ ጠባቂ በአገዉ ሰው ቤት ነው። እንግዶች ማን ቀድሞ አገኘው ብለው ሲከራከሩ ምንጩን የሚጠብቀው ባለቤት እህልና መኝታ አቅራቢ ሆኖ ቀርቷል። አስቂኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሳቅ የብዙ ዘመን የዓለም ጂኦግራፊ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ብቻ ብናቆም ነገሩ ይቀልልናል። የእንግዳ ዕውቀት ሁሉ ዘረፋ ነው ብለን ፋይላችንን በዘጋን ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይቀልም። ያው ቺዝማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካርቱም ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ የሚሰበሰበውን የጦር መረጃ ክፍል ይመራ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በበላያ በኩል የገባው ጦር ወደ እንጅባራና ወደ ቡሬ ሲገፋ፣ የዳንግላም የኢጣሊያ ጦር ሰፈሩን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሲያፈገፍግ፣ ለግድብ ሲባል የተጠናው ምድር ለነጻነት ጦርነት ጥናቱን አበድሯል። የሰበሰባቸው ወፎችም ለሳይንስ ጠቅመዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ስለዚህ ዕውቀት በመነሻው ዓላማ ብቻ አይፈረድም። በእኔ አስተያየት የሚፈረደው በመመለሻው ነው። ከአንድ ሕዝብ የተወሰደ ዕውቀት ተመልሶ በዚያ ሕዝብ ቋንቋ፣ ለዚያ ሕዝብ ልጆች፣ እንዲያርሙትና እንዲጨምሩበት ሆኖ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? የጎበዝ ካርታ ሠሪ ኅሊና የሚመዘነው በዚህ ነው። መንገዱን ያሳዩት፣ የወንዙን መሻገሪያ የነገሩት፣ የተራራውን ስም የጠሩት ገበሬዎች በካርታው ኅዳግ ላይ እንኳ አይገኙም።

የአዊ ሕዝብ ግን ሌላው እስኪያውቀው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል። ጠላት ገና ከአገሩ አልወጣም። በዓድዋ ዘመቻ ፈረስና ፈረሰኛ የዋሉትን ውለታ ለማሰብ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት የሚከበር በዓል በወረራ ዘመን ሕዝብ ሲያቋቁም፣ ለጎብኚ ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ድንጋይ አልቆመበትም፤ ሐውልቱ ፈረሱ፣ ልጓሙ፣ ኮርቻው፣ ግልቢያውን ከአባቱ ተምሮ ለልጁ የሚያስተምረው ሰው ነው። ዛሬ የማኅበሩ አባላት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው፣ በእንጅባራ ሜዳ ላይ ያጌጡት ፈረሶች ሲሰለፉ የሚታየው ትርኢት ብዙ እንግዳ ይስባል። መልካም ነው። እንግዳው ባይመጣም ግን ፈረሱ ይጫናል።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ፤ ይህን መጽሔት የምናነብ መምህራን፣ ካድሬዎችና የኪነ ጥበብ ሰዎች ከቆንስሉ በምን እንለያለን? ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ እንጅባራ ለእኛ የምሳ ሰዓት ናት። የዘንገና ሐይቅን፣ ያንን በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥቁር ሰማያዊ ውሃ፣ ፎቶግራፍ አንሥተን እናልፋለን። እንጅባራ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል እንደ ነበር፣ የኮሶ ዛፍም በደጋው ላይ ምን ያህል እንደ ሳሳ የሚጠይቅ ከመካከላችን ስንቱ ነው? የፈረሰኞቹን ዘፈን ወስደን በመድረክ ላይ እናሳያለን፤ ልብሱን እናሳምራለን፣ ግጥሙን እናሳጥራለን፣ ጭብጨባውን እንቀበላለን። ዘፋኙ በሰፈሩ ሳለ በከተማ «አልታወቀም» እንላለን፤ በእኛ አፍ ሲዘፈን ግን «ታወቀ» ይባላል።

ይህን የምለው ከጥፋቱ ውጪ ቆሜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓሉ እንጅባራ ሄጄ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የግልቢያ ዘፈኖችን በደብተር ስጽፍ ሰነበትኩ። አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን በልጓሙ ይዘው አጠገቤ ቆሙና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጽፈህ የት ልታደርሰው ነው?» አሉኝ።

«ለጥናት ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ጥናቱ ሲያልቅ ይመለሳል?»

«ይመለሳል እንጂ።»

«እንግዲያው ለተማሪ ቤቱ ስጥልን። ልጆቹ አሁን በአውጚ ነው የሚማሩት።»

እውነታቸውን ነበር። በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ቋንቋው አውጚ ነው፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። እኔ ግን ከደብተሩ ያወጣሁትን አውጥቼ፣ የጻፍኩትን ጽፌ፣ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ተውኩት።

ይህን መጣጥፍ ስጀምር ደብተሩን አውጥቼ መገልበጥ ያዝኩ። ለተማሪ ቤቱ ለመላክ ነው። ግን ችግር ገጠመኝ። አውጚ አማርኛ የሌለው አንድ ድምፅ አለው፤ ለእርሱም «ጝ» የሚባል ፊደል አለው፤ የቋንቋው ስም ራሱ የሚጻፈው በዚሁ ነው። እኔ ያን ጊዜ ፊደሉን አላውቀውም ነበር። አንድ ቦታ «ን» ጽፌአለሁ፣ ሌላ ቦታ «ግ»፣ ሌላ ቦታ «ኝ»። ከገጹ እኩሌታ የሚሆነው ቃል ምን እንደ ነበር ዛሬ አላውቅም፤ ዘፋኞቹን ትርጉሙን አልጠየቅኋቸውም፤ የአዛውንቱንም ስም አልጻፍኩትም። ጥር 23 ሲደርስ ደብተሩን እንዳለ ይዤ እሄዳለሁ፤ ልጆቹ እንዲያርሙት።